የትራንስፎርመር ብልሽትን በኤአይ ስንፈልግ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ክረምት ገላን አካባቢ አንድ የብረት ፋብሪካ ግቢ ውስጥ ቆሜ ነበር። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ትልቁ ትራንስፎርመር እንደወትሮው ያጉረመርማል። የጥገና ኃላፊው ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረና "ኢንጂነር፣ እስቲ ይኼን እየው፤ አለቀልን" አለኝ። የኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ፕሮግራሙ ስክሪኑ ላይ በቀይ ጽፏል፦ ታንኩ ውስጥ ከባድ የኤሌክትሪክ ብልጭታ አለ፣ እርግጠኝነት 96 በመቶ።

አለቆቹ ፋብሪካውን ለማቆም ተሰብስበው ነበር። ትራንስፎርመሩን አጥፍቶ፣ ዘይቱን አውርዶ፣ ታንኩን መክፈት ማለት ሳምንታት ሥራ መፍታት ማለት ነው። የዘይቱን ምርመራ የላቦራቶሪ ወረቀት አምጡልኝ አልኩ። ዘይቱ ውስጥ አሲቲሊን የሚባለው ጋዝ ብዙ ነው። ሃይድሮጅኑ ግን ትንሽ ነው፤ አሲቲሊኑ ከሦስት እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። ይኼ ነገር ለሙያው ሰው አንድ ጥያቄ ያስነሳል። የታፕ ቼንጀሩ ዘይት ወደ ዋናው ታንክ እየሰረገ ይሆን?

ታፕ ቼንጀር ቮልቴጁን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ መቀያየሪያ ነው። ሥራ ላይ እያለ በተቀያየረ ቁጥር ብልጭ ይላል፤ ይኼ ተፈጥሮው ነው። ስለዚህ የራሱ ዘይት አሲቲሊን ቢሞላው አይገርምም። በሁለቱ መካከል ያለው ማኅተም ሲያረጅ ግን ያ ዘይት ወደ ዋናው ታንክ ይገባል። ጤነኛው ትራንስፎርመር በጎረቤቱ ጋዝ ይታማል። ገላን ላይም የሆነው ይኸው ነበር። ፕሮግራሙ ታፕ ቼንጀር መኖሩን እንኳ የነገረው ሰው አልነበረም።

ኤአይን ለዚህ ሥራ መጠቀም እወዳለሁ። ሰው ሊከታተለው የማይችለውን የመረጃ ክምር ሳይሰለች ይከታተላል። ግን ትራንስፎርመሩን አያየውም፤ የሚያየው እኛ የላክንለትን ቁጥር ብቻ ነው። አዲስ አበባ ዳር ዳሩን፣ ከቃሊቲ እስከ ሰበታ፣ ከለገጣፎ እስከ ሱሉልታ ስዞር የማገኛቸው ስህተቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከዚች ነገር የሚመነጩ ናቸው።

ለማያውቀው አንባቢ መነሻውን ልንገር። ትራንስፎርመር ውስጥ ያለው ዘይት ሁለት ሥራ አለው። ያቀዘቅዛል፣ ኤሌክትሪክም ከቦታው እንዳይዘል ያግዳል። ዘይቱ ከልክ በላይ ሲሞቅ ወይም ብልጭታ ሲያገኘው ይሰባበርና ጋዝ ይወጣዋል። ጋዙ እዚያው ዘይቱ ውስጥ ይሟሟል። ሙቀቱ መለስተኛ ሲሆን ሚቴንና ኢቴን ይበዛሉ። ሲያይል ኢቲሊን ይጨምራል። አሲቲሊን በብዛት የሚመጣው ሙቀቱ እጅግ ሲበረታ፣ በተለይም ብልጭታ ሲኖር ነው። የሽቦ ጥቅሉን የሚሸፍነው ወረቀት ሲጎዳ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣሉ። የእነዚህ ጋዞች መጠን ነው ተለክቶ ለኤአይ የሚሰጠው።

አንደኛ፦ ናሙናውን እንደነገሩ መቅዳት

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ሰው ለሶፍትዌሩ ገንዘብ ያወጣል፤ ዘይቱን ግን በሃይላንድ ቀድቶ ይልካል።

ቃሊቲ ሥራ ስጀምር ያስተማሩኝ አንድ አንጋፋ ቴክኒሺያን ነበሩ። ጋሼ ነው የምንላቸው። የመጀመሪያ ቀን ቫልቩን ከፍቼ የወጣውን ዘይት በቀጥታ ልቀዳ ስል እጄን ያዙኝ። "ልጄ፣ የመጀመሪያው ዘይት የቫልቩ ነው እንጂ የትራንስፎርመሩ አይደለም" አሉኝ። ባልዲ አምጥተው አንድ ሁለት ሊትር አስፈሰሱ። ቫልቩን ብናኝ በማይተው ጨርቅ ጠረጉት። ከዚያ የመስታወት ሲሪንጁን በዚያው ዘይት አለቀለቁት፤ ዘይቱንም በቀስታ እንዲገባ ለቀቁት። ሲሪንጁን ቀጥ አድርገው ወደ ሰማይ አዩት። አንዲት አረፋ ነበረች፤ ገፍተው አስወጧትና እንደገና ሞሉት። ቧንቧውን ዘጉ፣ ብርሃን እንዳያገኘው ጠቀለሉት። ሃያ ደቂቃ ፈጀባቸው።

የዚያን ጊዜ ነገሩ ክብደት አልታየኝም ነበር። አሁን ገብቶኛል። ሃይድሮጅን በጣም ቀላል ጋዝ ነው። በደንብ ባልተዘጋ ዕቃ ውስጥ ከሁሉም ቀድሞ የሚሸሸው እሱ ነው። ሃይድሮጅን ሲጎድል የጋዞቹ ንጽጽር ይዛባል፤ ንጽጽሩ ሲዛባ ኤአይው የሚሰጠው የብልሽት ስም ይቀየራል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ጋ ነው፤ እዚህ ግን የፈሰሰው ጋዝ ተመልሶ አይለቀምም።

ስለ አረፋው አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ይምታታበታል። እየቀዱ ሳለ የገባች አረፋ ትውጣ። ናሙናው ከተዘጋ በኋላ መንገድ ላይ የተፈጠረች አረፋ ግን እንዳትነካ። እሷ ውስጥ ያለው ከዘይቱ የወጣ ጋዝ ነው። ብትገፉት ለላቦራቶሪ የምትልኩት የጎደለ ናሙና ይሆናል። እንዳለ ይድረስና ላቦራቶሪው ይወቅበት።

ሲሪንጁ ላይ የሚለጠፈው ወረቀትም የናሙናው አካል ነው። የትራንስፎርመሩ ቁጥር፣ ከላይኛው ቫልቭ ይሁን ከታችኛው፣ የዘይቱ ሙቀት፣ በሰዓቱ የነበረው ጭነት፣ ቀኑ። በተለይ ቀኑ።

ሁለተኛ፦ ቀንና ሰዓትን እንዳለ ማስገባት

የኛ አገር ጉዳይ ስለሆነ ከውጭ በሚመጣ መመሪያ ላይ አታገኙትም። ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

አንድ ፋብሪካ የመጀመሪያውን ናሙና ያስመረመረው ኅዳር 5 ቀን 2017 ነው። ጸሐፊዋ 05/03/2017 ብላ መዘገበች። ሁለተኛውን ናሙና ሌላ ላቦራቶሪ መረመረው፤ ወረቀቱ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር 14/02/2025 ተጻፈ። በሁለቱ መካከል ያለው ትክክለኛ ጊዜ ሦስት ወር ነው። ኮምፒውተሩ ግን የመጀመሪያውን ማርች 5 ቀን 2017 አድርጎ ያነበዋል። ለእሱ በመካከሉ ስምንት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ አለ።

ኢቲሊኑ በ60 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 60 እጅ) ጨምሯል እንበል። በሦስት ወር ከሆነ በወር 20 ነው፤ ይኼ በአስቸኳይ ሊታይ የሚገባው ፍጥነት ነው። በስምንት ዓመት ከሆነ ግን በወር አንድም አይሞላ። ሞዴሉ፣ ማለትም ከመረጃ የተማረው የኤአይ ፕሮግራም፣ "አሳሳቢ አይደለም" ይላል። በትራንስፎርመር ምርመራ ከመጠኑ ይልቅ የጭማሪው ፍጥነት ብዙ ይናገራል። ያ ፍጥነት እንግዲህ በአንድ የቀን አጻጻፍ ጠፋ ማለት ነው።

ጳጉሜ ደግሞ የባሰች ናት። ጳጉሜ 3 ቀን 2017 ሲጻፍ 3/13/2017 ይሆናል። ቀኑን ቀድሞ እንዲያነብ የተስተካከለ ኤክሴል 13ኛ ወር አያውቅምና እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ወሩን ቀድሞ የሚያነበው ግን ማርች 13 አድርጎት ዝም ይላል። ይኼኛው ነው የሚያስፈራኝ፤ ምክንያቱም ስህተት መሆኑን የሚነግራችሁ ነገር የለም።

ሰዓቱም እንደዚያው። ጥበቃው መዝገብ ላይ "8 ሰዓት፣ የዘይት ሙቀት 71" ብሎ ይጽፋል። እሱ የሚለው የቀኑን ጠራራ ነው። ማሽኑ የጠዋት 8 ሰዓት አድርጎ ያየዋል፤ ለእኛ 2 ሰዓት ማለት ነው። በብርድ ጠዋት 71 ዲግሪ? ማንቂያው ይጮሃል። አንድ ቦታ ለሁለት ሳምንት የማቀዝቀዣ ብልሽት ስንፈልግ ከርመን የተገኘው ይኼ ነበር።

መፍትሔው ቀላል ነው። መዝገቡ ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር ጻፉ። ወሩን በቁጥር ሳይሆን በስሙ ጻፉት። ሰዓቱ ላይ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ፣ ሌሊት ጨምሩበት። ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው ሰው ደግሞ አንድ ሰው ይሁን።

ሦስተኛ፦ ጤነኛን የማያውቅ ሞዴል መጠየቅ

በሙያው ስመ ጥር የሆነ አንድ ዘዴ አለ፤ የዱቫል ሦስት ማዕዘን ይባላል። ካናዳዊው ሚሼል ዱቫል በ1974 በፈረንጆቹ ያወጣው ነው። ሚቴን፣ ኢቲሊንና አሲቲሊን ተደምረው እያንዳንዳቸው ከመቶ ስንት እንደሆኑ ይሰላል። ነጥቡ ሦስት ማዕዘኑ ላይ ያረፈበት ክፍል የብልሽቱን ዓይነት ይናገራል። ብዙ የኤአይ ሞዴሎችም ከዚህ ወይም ይህን ከሚመስል መረጃ የተማሩ ናቸው።

አሁን ሁለት ትራንስፎርመሮችን እናነጻጽር። የመጀመሪያው ሚቴን 60፣ ኢቲሊን 130፣ አሲቲሊን 10 ፒፒኤም አለው። በመቶኛ ሲሰላ 30፣ 65፣ 5 ይሆናል። የሚያርፈው ከ700 ዲግሪ በላይ የሞቀ ቦታ አለ በሚለው ክፍል ነው። ሁለተኛው ሚቴን 6፣ ኢቲሊን 13፣ አሲቲሊን 1 አለው። መቶኛው? 30፣ 65፣ 5። ያው ክፍል። የመጀመሪያው ክትትል የሚፈልግ ነው። ሁለተኛው ግን ምንም ላይኖርበት ይችላል፤ ጋዙ ከማነሱ የተነሳ የመለኪያው መዋዠቅ ራሱ መቶኛውን ሊያዛባው ይችላል።

ሦስት ማዕዘኑ "ጤነኛ" የሚል ክፍል የለውም። የተሠራው ችግር መኖሩ ከታወቀ በኋላ ዓይነቱን ለመለየት ነው። ከተበላሹ ትራንስፎርመሮች ብቻ የተማረ ሞዴልም እንደዚሁ ነው። ምን ቢሰጡት የበሽታ ስም ይሰጣል። ስለዚህ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የጋዞቹ መጠንና የጭማሪያቸው ፍጥነት የዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክ ደረጃ አውጪ ድርጅት (አይኢሲ) ባወጣው 60599 እና በመሳሰሉት ደረጃዎች ይታያል። ከልኩ ካለፈ ብቻ "ብልሽቱ ምን ዓይነት ነው?" ተብሎ ይጠየቃል።

አራተኛ፦ "98 በመቶ ትክክል ነው" በሚል ቁጥር መማረክ

ሻጩ ይኼን ቁጥር ይዞ ይመጣል። የዩኒቨርሲቲ ልጆቻችንም የመመረቂያ ሥራቸው ላይ በኩራት ይጽፉታል። ልፋታቸውን አከብራለሁ፤ ቁጥሩን ግን እንፈትሸው።

ለምሳሌ 1,000 ትራንስፎርመር ቢኖርና 20ው ብቻ የተበላሹ ቢሆኑ፣ ለሁሉም "ደህና ነው" የሚል ሞዴል 98 በመቶ ትክክል ነው። አንድም ብልሽት ግን አላገኘም።

ሌላ ሞዴል ውሰዱ። ከ20ው 16ቱን ያገኛል። ከ980ዎቹ ጤነኞች ደግሞ አምስት በመቶውን፣ ማለትም 49ኙን፣ በስህተት ይከሳል። በድምሩ 65 ማንቂያ ይጮሃል፤ እውነቱ 16 ነው። ከአራት ማንቂያ አንዱ ብቻ ማለት ነው። ሦስት ጊዜ በከንቱ ገላን ድረስ የተጠራ ሰው በአራተኛው ጊዜ ስልኩን አያነሳም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ይኼ ነው፦ ከተበላሹት ስንቱን አገኘ? ከጮኸው ውስጥስ ስንቱ እውነት ሆነ?

አንድ የተደበቀ ጉዳይም አለ። ከአንድ ትራንስፎርመር በተለያየ ጊዜ የተወሰዱ ናሙናዎች ይመሳሰላሉ። ግማሾቹን ለማስተማሪያ፣ ግማሾቹን ለፈተና ካደረጋችሁ ሞዴሉ ብልሽትን ሳይሆን ያንን ትራንስፎርመር ሸምድዶ ያልፋል። የፈተናው ትራንስፎርመር ጨርሶ ያላየው መሆን አለበት። በየጥናቱ ተደጋግሞ የሚጠቀሰው የአይኢሲ የመረጃ ስብስብም ቢሆን ተከፍተው የተረጋገጡት ብልሽቶች ብዛት ከመቶ ትንሽ ዘለል የሚል ነው። በዚያ ብቻ ተምሮ የወጣ ሞዴል የኛን ሜዳ አይቶ አያውቅም።

አምስተኛ፦ የትራንስፎርመሩን ታሪክ አለመንገር

ገላን ላይ የሆነውን ከላይ ነግሬያችኋለሁ። ሌላው የማየው የዘይት ማጣራት ነው። ዘይቱ በማሽን ሲጣራ ጋዙ አብሮ ይወጣል። ከዚያ በኋላ የሚላከው ናሙና ንጹሕ ይሆናል፤ ሞዴሉም "ተሻሽሏል" ይላል። ብልሽቱ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም። ጥቂት ወራት ቆይቶ ደግሞ የሽቦ ጥቅሉ ወረቀት ውስጥ ተውጦ የነበረው አሮጌ ጋዝ ቀስ እያለ ወደ ዘይቱ ይመለሳል። ይኼን ጊዜ ሞዴሉ "አዲስ ብልሽት" ብሎ ይጮሃል። ሁለቱም ጊዜ ተሳስቷል። አንዲት መስመር፣ "በዚህ ቀን ዘይቱ ተጣርቷል" የምትል፣ ብትጻፍ ኖሮ አይሳሳትም ነበር።

ዘይት ያለበት ታንክ ላይ ብየዳ ከተደረገም ጋዝ ይፈጠራል። ዘይቱ ከነዳጅ የተሠራ ሳይሆን ከአትክልት የተሠራ ከሆነም የሚያወጣው ጋዝ ይለያል፤ ዱቫል ራሱ ለእንዲህ ዓይነቶቹ ዘይቶች ሌላ ሦስት ማዕዘን አዘጋጅቷል።

ስድስተኛ፦ ከሌላ አገር የመጣን ሞዴል እንዳለ መትከል

የትራንስፎርመርን ድምፅ ሰምቶ ብልሽት የሚለይ ኤአይ አለ። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ የድሮ ቴክኒሺያኖችም ጆሯቸውን ሰጥተው ያዳምጡ ነበር። የኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው። ኮሩ (ጥቅሎቹ የተጠመጠሙበት ብረት) በአንድ ዑደት ሁለት ጊዜ ስለሚሳብ ጤነኛው ጉርምርምታ 100 ኸርዝ ላይ ነው። አሜሪካ 60 ኸርዝ ስለሆነ እነሱ ጋ 120 ነው። እዚያ የተማረ ሞዴል የኛን ጤነኛ ትራንስፎርመር ቢሰማ እንግዳ ይሆንበታል።

ከፍታችንም አለ። የአይኢሲ መደበኛ ልክ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው። እኛ ከ2,000 ሜትር በላይ ነን፤ ሱሉልታማ ከዚያም በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያንሳል። ያለ ፋን በአየር ብቻ ለሚቀዘቅዝ ትራንስፎርመር ደረጃው ከ1,000 ሜትር በላይ በየ400 ሜትሩ ከሚፈቀደው የሙቀት ጭማሪ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል። ቆላ ላይ የተማረ ሞዴል ይኼን ልዩነት አያውቀውም። ማወቅ ካለበት የምንነግረው እኛ ነን።

ሰባተኛ፦ የትልቁን ሰብስቴሽን ዘዴ ለምሰሶ ትራንስፎርመር መጠቀም

ከዓባይ ግድብ የሚመጣው 500 ኪሎ ቮልት መስመር ሆለታ ላይ ያርፋል። እንደዚያ ባለ ጣቢያ ለሚገኝ ትራንስፎርመር ሌት ተቀን ጋዝ የሚለካ መሣሪያ ቢገጠም ተገቢ ነው። ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ ምሰሶ ላይ ለተሰቀለው 200 ኬቪኤ (ኬቪኤ የአቅም መለኪያ ነው) ትራንስፎርመር ግን መሣሪያው ከትራንስፎርመሩ ሊወደድ ይችላል። እሱን የሚገድለውም ሌላ ነገር ነው። ሰፈሩ ያድጋል፣ ወፍጮ ቤት ይከፈታል፣ ብየዳ ቤት ይመጣል፤ ትራንስፎርመሩ ግን ያው ነው። ዘይቱ ይንጠባጠባል፤ አንዳንዴም ይሰረቃል። ፊውዝ ሲቃጠል በቦታው ወፍራም ሽቦ ይጠመዘዛል። የበዓል ዋዜማ ማታ ደግሞ ሁሉም ቤት ምጣድ ይጣዳል።

እዚህ የሚያስፈልገው ቀላል መረጃ ነው፤ የሦስቱም ፌዝ (የኤሌክትሪክ መስመር) አምፒር፣ የዘይቱ ልክና የታንኩ ሙቀት። ግን አማካይ እንዳታስገቡ። 200 ኬቪኤ ትራንስፎርመር በ400 ቮልት በኩል በአንድ ፌዝ የሚችለው 289 አምፒር ገደማ ነው። አንድ ማታ ለክተን ያገኘነው 310፣ 140 እና 120 ነበር። አማካዩ 190 ነው፤ የአቅሙን ሁለት ሦስተኛ ያህል። አማካዩ የተሰጠው ፕሮግራም አረንጓዴ አበራ። አንደኛው ፌዝ ግን ከአቅሙ በላይ ተጭኖ እየጋለ ነበር። ያንን ትራንስፎርመር ያዳነው የተወሰኑ ቤቶችን ወደ ሌሎቹ ፌዞች ማዘዋወር ነው፤ አንድ ቀን አልፈጀም።

ስምንተኛ፦ የሙቀት ካሜራን በቀን ማመን

አጭር ነው። ፀሐይ የመታውን ታንክ በቀን ብታነሱት የምትለኩት ፀሐይን ነው። የሚያብለጨልጭ አሉሚኒየም ደግሞ የራሱን ሙቀት ደብቆ የሰማዩን ያንጸባርቃል። ማታ ጭነቱ ሲበዛ አንሱ። ሦስቱን ቡሺንጎች (ሽቦው ወደ ታንኩ የሚገባባቸውን አንገቶች) እርስ በርስ አነጻጽሩ። ፎቶው ላይ አምፒሩን ጻፉ፤ አምፒሩ በግማሽ ሲቀንስ በሽቦው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ወደ ሩብ ይወርዳልና እሑድ ቀን የቀዘቀዘ ማያያዣ ሰኞ ላይ ሊያቃጥል ይችላል።

ዘጠነኛ፦ የላቦራቶሪውን ወረቀት ፎቶ አንስቶ ለቻትቦት መስጠት

አሁን አሁን ልጆቹ ሁሉ ይኼን ያደርጋሉ። አልከለክልም፤ ለማስረዳትም ለማስተማርም ጎበዝ ነው። ግን ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛ፣ ከፎቶ ላይ ነጥብን ስቶ 0.5ን 5 አድርጎ ሊያነብ ይችላል። "ከ1 በታች" የሚለውን ደግሞ 1 ወይም ዜሮ ሊያደርገው ይችላል። ሁለተኛ፣ መቶኛውን በልበ ሙሉነት አሳስቶ ሊያሰላ ይችላል። ስለዚህ ስሌቱን ደረጃ በደረጃ እንዲያሳይ ጠይቁትና በካልኩሌተር አረጋግጡ። ሦስት ቁጥር ደምሮ ማካፈል ነው፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የፋብሪካውን የኤሌክትሪክ ንድፍ ግን እዚያ ላይ አትጫኑ።

አሥረኛ፦ ቡኮልዝ እየጮኸ ኤአይን መጠበቅ

ይኼን ያነበበ ሰው ሌላውን ሁሉ ቢረሳ ይኼን እንዳይረሳ እፈልጋለሁ። የሰው ሕይወት ያለበት ነገር ነው።

ትላልቆቹ ትራንስፎርመሮች ላይ፣ ከታንኩ ወደ ላይኛው የዘይት ማጠራቀሚያ በሚወጣው ቧንቧ መካከል፣ ቡኮልዝ ሪሌይ የሚባል መሣሪያ አለ። ጀርመናዊው ማክስ ቡኮልዝ ከመቶ ዓመት በፊት የፈጠረው ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ጋዝ ቀስ እያለ ሲጠራቀም ተንሳፋፊዋ ትወርድና ማንቂያ ይደወላል። ታንኩ ውስጥ ድንገተኛ ፍንዳታ መሰል ነገር ሲኖር ዘይቱ ተገፍቶ ይመጣል፤ ያኔ መስመሩን ይቆርጠዋል።

አንድ ቦታ ቡኮልዝ ቆርጦ ሳለ "ኤአይው እኮ ትናንት ጤነኛ ነው ብሏል" ብለው መልሰው ሊያበሩ ሲሉ ደርሻለሁ። የትናንቱ ናሙና የትናንት ነው። ጥቅል ሽቦ ለመላቀቅ ሰከንድ ይበቃዋል። ቡኮልዝ ከቆረጠ ምክንያቱ ሳይታወቅ አይበራም። ጋዙ ከሪሌዩ ይወሰዳል፣ ዘይቱ ይመረመራል፣ የጥቅሎቹ መቋቋም ይለካል። ምርቱ ቆሟል ብለው አለቆች ይቆጣሉ፤ ይቆጡ። ልጆቻቸው ቤት የሚጠብቋቸው ሠራተኞች ናቸው በዚያ ታንክ አጠገብ የሚቆሙት።

በተቃራኒው ደግሞ አንድ የኤአይ ውጤት ብቻ ይዞ ታንክ መክፈትም ልክ አይደለም። ሪሌዩ ዝም ካለ፣ ድምፁና ሙቀቱም ካልተለወጠ፣ መጀመሪያ ናሙናው በጥንቃቄ ይደገም። ሁለተኛው ናሙና አንደኛውን ካልደገመው ችግሩ ከሲሪንጁ ነው።

አሥራ አንደኛ፦ ተከፍቶ የተገኘውን መልሶ አለመጻፍ

አቃቂ አካባቢ አንድ ጥገና ቤት ውስጥ የተቃጠለ ትራንስፎርመር ሲፈታ ቆሜ አይቻለሁ። ኮሩ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ወጣ። ዘይቱ ይንጠባጠባል፤ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ከመካከለኛው ጥቅል ታችኛው ጫፍ ላይ፣ ማያያዣው ጋ፣ የአውራ ጣት የምታህል የቀለጠች ቦታ ነበረች። በዙሪያዋ ወረቀቱ ከስሎ ሲነኩት ይበናል። ከስድስት ወር በፊት ኢቲሊኑ እየጨመረ እንደነበር የላቦራቶሪው ወረቀት ላይ አለ። ምክንያቱ ይቺው ነበረች። ሠራተኞቹ መዳቡን ቆርጠው አወጡ፣ ተመዘነ፣ ተሸጠ። ያየነውን ግን ማንም አልጻፈም። አንዱ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ነበር፤ ስልኩ ጠፋ።

ሞዴል የሚማረው ከዚህ ነው። የጋዙ ቁጥር በአንድ በኩል፣ ተከፍቶ በዓይን የታየው በሌላ በኩል። ሁለተኛው ከሌለ የመጀመሪያው መልስ የሌለው ጥያቄ ሆኖ ይቀራል። የትልልቆቹ ጣቢያዎች መረጃ ኤሌክትሪክ ኃይል ጋ ነው፣ የስርጭቱ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ጋ፣ የፋብሪካዎቹ ደግሞ በየፋብሪካው መሳቢያ ውስጥ። ቢያንስ እያንዳንዳችን የራሳችንን እንጻፍ። ምን ተጠረጠረ፣ ምን ተገኘ፣ የት ቦታ፣ ምን ተደረገ፣ ከዚያስ በኋላ ጋዙ ምን ሆነ።

የገላኑን ትራንስፎርመር መዝገብ ከጥገና ኃላፊው ጋር ሆነን ጽፈነዋል። የእሱ የእጅ ጽሑፍ ነው፦ "ኤአይ የጠረጠረው በዋናው ታንክ ውስጥ ብልጭታ። የተገኘው የታፕ ቼንጀር ማኅተም ማርጀት። ማኅተሙ ተቀይሯል፣ ዘይቱ ተጣርቷል። ከሦስት ወር በኋላ በተወሰደው ናሙና አሲቲሊን አልጨመረም።" ከሥሩ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር አስቀምጧል።